ፔጆ 404 ውስጧ በጣም ትጮሃለች፤ ድምፅ መቀነሻ ልለጥፍ ነው፣ ከየት ልጀምር? (ድሬዳዋ)

ከዚራ_404

ሰላም የመኪና ወዳጆች። የአባቴ የነበረች ፔጆ 404 አለችኝ። ሞተሯ የራሷ ነው፣ 1618 ሲሲ። በሜካኒክ በኩል ብዙ አታስቸግረኝም። ፍሬኑ ተሠርቷል፣ ካርቦራተሩ ታጥቧል፣ የደንገጎን ዳገት ሳትሞቅ ትወጣለች። ችግሬ ድምፅ ነው። ከ60 ስታልፍ ውስጧ ይጮሃል። እናቴ ኋላ ተቀምጣ የምትለኝን አልሰማም፣ እሷም የኔን አትሰማም፣ እየተጯጯህን ሄደን ሀረር ስንደርስ ሁለታችንም ደክሞናል። ሙቀቱም አለ። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጣሪያዋን በእጅ መንካት አይቻልም።

ለታኅሣሥ 19 እናቴን ቁልቢ ገብርኤል ልወስዳት አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ውስጧን በደንብ መሥራት ነው የምፈልገው። ወንበሮቹን አውጥቼ ሞኬቱን አንስቼዋለሁ። ከስሩ የፋብሪካው ጥቁር ካትራሜ (ሬንጅ) መሳይ ነገር አለ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንድ ቦታ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። በሹፌሩ እግር በኩል ትንሽ ዝገት አየሁ፣ ግን አልበሳም።

አሁን ጥያቄዬ። ባንድ በኩል አሉሚኒየም፣ በሌላው በኩል የሚጣበቅ ጥቁር ጎማ ያለው ቡቲል የሚባለውን ልገዛ ነው። ሙሉ ወለሉን፣ በሮቹን፣ ጣሪያውን ሁሉ መሸፈን አለብኝ? ጓደኛዬ ደግሞ ለቤት ጣሪያ የሚነጠፈውን ካትራሜ ግዛ፣ ያው ነው፣ ዋጋው ግን አይገናኝም ይለኛል። እውነት ያው ነው? ወንበሮቹ ሳሎን ውስጥ ስለተቀመጡ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መጋላ_ልጅ

ዋሪያ፣ ገንዘብህን አታባክን። ጓደኛህ ልክ ነው። አንተ ራስህ አየኸው እኮ፣ ፋብሪካው ራሱ ከስር የለጠፈው ካትራሜ ነው። ለፔጆ ፋብሪካ የበቃ ለኛ ምን አነሰው? አንድ ጥቅል የጣሪያ ካትራሜ ግዛና ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ንጠፍበት። በችቦ ትንሽ ሞቅ አድርገህ ስትጫነው ይይዛል። ሞኬቱን መልስበት፣ አለቀ። ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪመጣ ምን አስጠበቀህ?

ባትላሜራ_ሀረር

ወንድሜ ከዚራ፣ ችቦ የሚለውን እንዳትሰማ። መኪና ውስጥ፣ ሽቦ ባለበት፣ ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ኋላ ባለበት፣ አሮጌ ስፖንጅና ክር በየጠርዙ በቀረበት ቦታ ክፍት እሳት አይገባም። ይሄ መጀመሪያ ይሰመርበት።

መጋላ፣ ፋብሪካው የተጠቀመው ከካትራሜ ቤተሰብ ነው ያልከው ትክክል ነው። ግን የፋብሪካው ከአፈር መሳይ ማጠንከሪያ ጋር የተቀላቀለ ደረቅ ሰሌዳ ነው። ላሜራው ላይ ተደርጎ መኪናው ቀለም ማድረቂያ ምድጃ ሲገባ አብሮ ይቀልጥና እዚያው ይጋገራል። ለዚህ ነው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ አሁንም ተጣብቆ የምታገኘው። የቤት ጣሪያው ግን ለኮንክሪት የተሠራ ለስላሳ ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ የቆመ መኪና ላሜራው፣ በተለይ ቀለሙ ጠቆር ካለ፣ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሙቀት የጣሪያ ካትራሜ ይለሰልሳል። ወለል ላይ ከሆነ ወደ ጎድጓዳው ይሰበሰባል፣ ሞኬቱን ይበላል። በር ውስጥ ከሆነ ይንሸራተትና የውሃ መውጫውን ይደፍናል። ጣሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ላይ ይወርዳል። ሽታው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ነው የሚጀምረው፣ መስኮት ዘግተህ መንዳት አትችልም።

አትመኑኝ፣ ሞክሩት። አንድ ቁራጭ ላሜራ አምጣ። ከካትራሜውም ከቡቲሉም በመዳፍ ልክ ቆርጠህ ጎን ለጎን ለጥፍባቸው። በእርሳስ ጠርዛቸውን አስምር። ላሜራውን አቁመህ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሙሉ ቀን ተወው። ማታ መስመሩን እይ። የምትገዛው ቡቲል እውነተኛ ይሁን አይሁን የሚለየውም በዚሁ ነው፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ ካትራሜ ላይ አሉሚኒየም ለጥፈው ቡቲል ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። እውነተኛው ቡቲል ሽታው ቀላል ነው፣ ስትስበው ይለጠጣል፣ በጣትህ ስትነካው ጥቁር ቅባት አይተውም።

አሁን ወደ ዝገቱ። አልበሳም ያልከውን በዓይን ብቻ አትፍረድ። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው። ጠንካራ ከሆነ ጥሩ። ፈርፈር ካለ ወይም ካቻቢቴው ከገባ፣ ቡቲሉን ሳትገዛ ወደ ብየዳ ሂድ። ብየዳ ከቡቲል በፊት ነው፣ ሁልጊዜ። ቡቲል ከተለጠፈ በኋላ ከስር የሚበይድ ሰው ቢመጣ ቡቲሉ ይቃጠላል፣ ጢሱ ይጎዳል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። እኔ ጋ የሚመጡት 404ዎች ብዙዎቹ የሚበሰብሱት ከላይ ሳይሆን እርጥብ ምንጣፍ ከስር ይዘው ስለሚኖሩ ነው። ሰው መኪና አጥቦ ውሃው ሞኬት ስር ሲገባ አያየውም።

አሮጌውን ካትራሜ በተመለከተ፣ አጥብቆ የያዘውን አትንካው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። የተፈረፈረውንና አየር የገባበትን ብቻ አንሳ። በቀን ሙቀት ከነካኸው እንደ ማስቲካ እጅህ ላይ ይጎተታል። በጠዋት፣ ላሜራው ቀዝቅዞ እያለ፣ በረዶ በላስቲክ ከረጢት አድርገህ ትንሽ አስቀምጥበት። ሲደርቅ በስፓቱላና በቀላል መዶሻ ይነሳል። መዶሻውን ወደ ጎን ምታ፣ ወደ ታች አትምታ። ወለሉ ስር የፍሬን ቱቦ ያልፋል። የቀረውን ቅባት በናፍጣ በነከርከው ጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ ናፍጣውን ራሱን በሳሙና ውሃ አጥበህ አድርቅ፣ በመጨረሻ በአልኮል። ቅባት ባለበት ምንም ነገር አይጣበቅም። ቤንዚን አትጠቀም፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ትነቱ አደገኛ ነው።

ባዶ የቀረውን ላሜራ በካርታ ቬትሮ አሽተህ አንቲረስት ቀባ። በደንብ ሳይደርቅ አትለጥፍበት።

የደንገጎ_ሹፌር

ልጄ፣ እኔ በዚህች መኪና ድሬና ሀረር ስመላለስ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ሀረር ታክሲው ሁሉ 404 በነበረበት ጊዜ። የምነግርህን በጥሞና ስማ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት።

404 ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ አትጮህም ነበር። የዘመኑ መኪና አይደለችም፣ ግን ሰው ተቀምጦ የሚጫወትባት መኪና ነበረች። አሁን የምትጮኸው አንድ ነገር ስለጎደለ ነው። የጎደለውን ሳታገኝ ከላይ ብትለጥፍበት ድምፁ መንገድ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

መጀመሪያ ለይ። ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ፣ በ60 እየሄድክ ካምቢዮውን ዜሮ አድርገህ ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ዙር እስኪወርድ ጠብቅ። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይሄን እንዳታደርግ፣ እዚያ መኪና የሚይዘው በማርሽ ነው። ጩኸቱ ዜሮ ሲሆን ከቀነሰ ከሞተር፣ ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ወይም ከፋን ነው። እንዳለ ከቀጠለ ከጎማ፣ ከንፋስ ወይም ከኋላ ኩሽኔታ (ከጎማው ዘንግ ማሽከርከሪያ ቦሎቄ) ነው። ኩሽኔታ ከሆነ ቡቲል ለጥፈህ ዝም ብታሰኘው፣ መንገድ ላይ የሚነግርህን ድምፅ ነው የምትዘጋው።

ፋኑን እይልኝ። የ404 ፋን በማግኔት ነው የሚያያዘው። ውሃው ሲሞቅ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ብዙ ሰው ማግኔቱ ሲበላሽ ፋኑን ሁልጊዜ እንዲዞር አስሮት ይተወዋል፣ ለድሬ ሙቀት ይሻላል እያለ። ታስሮ ከሆነ ዳገት ላይ በከፍተኛ ዙር ስትሄድ ፋኑ ነው የሚያገሳው፣ ሰው ሞተር ይመስለዋል። ማግኔቱን አሠራው። ሞተሩ የተቀመጠበትን ጎሚኒ (ጎማ) እይ። ደርቆ እንደ እንጨት ከሆነ የሞተሩ ንዝረት ሳይቀንስ ወደ ቦዲው ይገባል። የማርሚታውን ማንጠልጠያ ጎማም እይ። በሽቦ ያሰሩት ካለ ፍታ። ሽቦ ንዝረትን ሁሉ ወለሉ ላይ ያወርደዋል።

ይሄን ሁሉ ጨርሰህ የተረፈ ድምፅ ካለ ያኔ ለጥፍ፣ አልከለክልህም።

ሳቢያን_ድምፅ

ጋሼ የተናገሩት ላይ ልጨምር። ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው፣ ክፍል ለድምፅ አዘጋጃለሁ። መኪናም ትንሽ ክፍል ናት፣ ሕጉ አንድ ነው።

ድምፅ ወደ አንተ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ላሜራው ራሱ ይንቀጠቀጥና እንደ ከበሮ ቆዳ ይጮሃል። ሁለተኛው በአየር በኩል፣ በቀዳዳ ይገባል። ቡቲል የሚያክመው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰዎች ሙሉ መኪና ቡቲል ለጥፈው ምንም አልተለወጠም የሚሉት ችግራቸው ሁለተኛው ስለሆነ ነው።

ቡቲል እንዴት ይሠራል? ላሜራው ሲታጠፍ ላዩ ላይ ያለው አሉሚኒየም መታጠፉን ይቃወማል፣ መካከል ያለው ለስላሳ ጎማ ደግሞ ሁለቱ ሲጓተቱበት ንዝረቱን ወደ ትንሽ ሙቀት ይቀይረዋል። ስለዚህ አሉሚኒየሙ ለጌጥ አይደለም። ከላሜራው ጋር ሙሉ በሙሉ ካልተጣበቀ ግን ምንም አይሠራም፣ ለዚህ ነው በሮለር እየተጫኑ የሚለጥፉት። አሉሚኒየሙ ላይ ያለው ጥለት ተዳምጦ እስኪጠፋ ድረስ ተጫነው። ጓንት አድርግ፣ የአሉሚኒየሙ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ሁሉንም ቦታ መሸፈን አያስፈልግህም፣ ይሄ ለጥያቄህ ዋናው መልስ ነው። ከአንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ላሜራ ሩቡን ያህል መሃል ላይ ብትሸፍን አብዛኛውን ጥቅም ታገኛለህ። የቀረው ሦስት አራተኛ የሚጨምርልህ ጥቂት ነው፣ ክብደቱ ግን ሙሉ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቡቲል በካሬ ሜትር 3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። 10 ካሬ ብትለጥፍ 30 ኪሎ ደንገጎን አሸክመሃት ትወጣለህ ማለት ነው።

የት እንደምትለጥፍ ጣትህ ይነግርሃል። በጣትህ መገጣጠሚያ አንኳኳ። የበሩን ውጫዊ ላሜራ ከውስጥ፣ መሃሉን ምታው፣ "ጣንንን" ብሎ ይዘገያል። ጠርዙ ላይ፣ እጥፋት ባለበት፣ "ጠቅ" ብሎ ያበቃል። የሚዘገየው ላይ ለጥፍ፣ ወዲያው የሚያበቃውን እለፈው። አንድ ቁራጭ ለጥፈህ እንደገና አንኳኳ። ድምፁ ከሞተ ቀጣዩን ላሜራ ያዝ። በ404 ላይ የምትጮኸው ቦታ የበሮቹ ውጫዊ ላሜራ፣ የኋላ ወንበር ጀርባ፣ የሻንጣው ወለልና ጣሪያው ይመስለኛል። ወለሉ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ስላሉት ራሱን ያጠነክራል።

አሁን ቀዳዳ። ማታ፣ ሲጨልም፣ ኮፈኑን ከፍተህ ጠንካራ መብራት ወደ ውስጥ አዙረህ አስቀምጥ። ኮፈኑን ዝጋ። አንተ ውስጥ ግባና ከክሩስኮቶው (ከዳሽቦርዱ) ስር ተኝተህ እይ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ድምፅም ይገባበታል። የመሪው ዘንግ፣ የፍሪሲዮንና የቤንዚን ፔዳል፣ የሽቦ ማለፊያ፣ ከመሪው ስር ያለው የማርሽ ዘንግ። ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ምን ያመጣል እንዳትል። ሙሉ ግድግዳ ሠርተህ ትንሽ ቀዳዳ ብትተው በዚያች በኩል የሚገባው ድምፅ ከግድግዳው ሁሉ ይበልጣል።

ከዚራ_404

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት አየሁት። ፋኑ ታስሯል! አባቴ ይሁን ከሱ በፊት የነበረው ሰው አላውቅም፣ ግን በሦስት ብሎን ተወጥሮ ነው ያለው። ማግኔቱን የሚጠግን ባለሙያ እየፈለግኩ ነው።

የሳቢያኗን የመብራት ዘዴ ትናንት ማታ ሞከርኩት። አላመንኩም። ከመሪው ዘንግ ዙሪያ ብርሃኑ እንደ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ለድሮ ሬዲዮ ሽቦ የተበሳ ባዶ ቀዳዳም አለ፣ አውራ ጣት ያስገባል። ሌላም አገኘሁ፤ የቀኝ ኋላ በር ጎማ ታችኛው ጥግ ላይ የለም፣ ተቆርጦ ወድቋል።

ካትራሜውንና ቡቲሉንም ቆርቆሮ ላይ አቁሜያቸው ነበር። ካትራሜው ከእርሳሱ መስመር በጣት ውፍረት ወርዷል፣ ታችኛው ጠርዙ አብጦ ያብለጨልጫል። ቡቲሉ መስመሩ ላይ ነው። መጋላ፣ ፎቶ ልልክልህ እችላለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጣሪያውን እንዴት ነው የምሠራው? የውስጡ ልባስ ኦሪጅናል ነው፣ ቢቀደድብኝ ያሳዝነኛል። ሁለተኛ፣ ከቡቲሉ በላይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል ወይስ ሞኬቱን እንዲሁ ልመልሰው?

መጋላ_ልጅ

ፎቶውን ላክልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ። ለጣሪያና ለበር እሺ። ግን ወለል ጥላ ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም፣ ወለል ላይ ካትራሜ ምን ይሆናል? ሁሉም ሰው ቡቲል የሚገዛበት አቅም የለውም እኮ። ይሄንንም አስቡበት።

ባትላሜራ_ሀረር

መጋላ፣ የአቅሙ ነገር እውነት ነው፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ወለሉን ፀሐይ ባያገኘው ከስሩ ማርሚታው ያልፋል፣ ከጎኑ ካምቢዮው አለ። ድሬ ላይ ደግሞ ዝግ መኪና ሲቆም ውስጡ ሁሉ ይግላል፣ ሽታው ከወለልም ይነሳል። አቅም ከሌለ የኔ ምክር በትንሹ ቡቲል ግዛ፣ ለአራቱ በሮች መሃል የሚበቃ ብቻ፣ ወለሉን እንዳለ ተወው። የቀረውን ገንዘብ ለበር ጎማና ለቀዳዳ መድፈኛ አውለው። እሱ ከሙሉ ወለል ካትራሜ የበለጠ ይሰማሃል።

ከዚራ፣ በር ውስጥ ስትገባ ሁለት ነገር። ታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትሸፍን። በመስታወቱ በኩል የሚገባ ውሃ በነሱ ነው የሚወጣው፣ ከደፈንካቸው በሩ ከስር ይበሰብሳል። መስታወቱን እስከ ታች አውርደህም እይ፣ የለጠፍከው ነገር እንዳይነካው። የሬዲዮዋን ቀዳዳ በስፖንጅ አትጠቅጥቃት። ክብ ላሜራ ቆርጠህ ወይም ልኳን ጎሚኒ አግኝተህ ዝጋት፣ ዙሪያዋን ማስቲሽ። የመሪው ዘንግ ዙሪያ ያለው ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፣ መሪውን እንዳይይዝ ለስላሳ የጎማ ቀሚስ ይሠራለት፣ ማስቲሽ አይነካውም።

ታፔሴሪ_አሸዋ

የጣሪያው ጉዳይ የኔ ሥራ ስለሆነ ልመልስ።

የእንደዚህ ዘመን መኪና የጣሪያ ልባስ በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነው የተንጠለጠለው፣ ጠርዙ ደግሞ በኮላ ተጣብቆ ከፊትና ከኋላ መስታወት ጎማ ስር ይገባል። ያረጀ ቪኒል ድሬ ላይ ደርቆ እንደ ወረቀት ይሆናል። ጠርዙን ስትስበው ስፌቱ ላይ ይቀደዳል፣ ቢተርፍ እንኳ ስለተኮማተረ ተመልሶ አይደርስም። ስለዚህ ለድምፅ ብለህ ብቻ አታውርደው። መስታወቶቹ ለጎማ ቅያሪ የሚወጡበት ጊዜ ካለ ያን ጊዜ አብረህ ሥራው። መስታወቱ የማይወጣ ከሆነ ጣሪያውን ተወው፣ በሮቹና ቀዳዳዎቹ ብዙውን ይሠሩልሃል።

የምታወርደው ከሆነ ዘንጎቹን ከፊት ጀምረህ በወረቀት ፕላስተር ቁጥር ጻፍባቸው። ርዝመታቸው ይለያያል፣ ከተቀላቀሉ ልባሱ አይወጠርም። ጣሪያው ላይ ቡቲል መሃል መሃሉን ለጥፍ። ሥራውን በጠዋት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጨርስ። ላሜራው ከጋለ ቡቲሉ እንደነካ ይይዛል፣ ጠማማ ከገባ አታነሳውም። በላዩ ውሃ የማይጠጣውን ስፖንጅ አድርግ። ሙቀቱን የሚቀንስልህ እሱ ነው፣ ቡቲሉ ብቻውን ሙቀት አያቆምም። ከዘንጎቹ በላይ ያለውን ክፍተት ለካ፣ ስፖንጁ ወፍሮ ልባሱን ወደ ታች እንዳይገፋው። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ስፖንጅ ስትገዛ ተጠንቀቅ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፣ ውሃና ላብ ጠጥቶ ላሜራው ላይ ይዞ ይቀመጣል። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ከተህ ጨምቀው። ውሃ ካልወጣው እሱ ነው። ሁለተኛ ፈተና እሳት ነው። ደጅ ላይ፣ ከመኪናው ራቅ ብለህ፣ ትንሽ ቁራጭ በክብሪት ለኩሰው። ክብሪቱን ስታርቅ የሚጠፋ ከሆነ ውሰድ። እየተንጠባጠበ መንደዱን ከቀጠለ መኪናህ ውስጥ አታስገባው፣ እናትህ ናት የምትቀመጥበት።

ለወለሉ ቅደም ተከተሉ ቡቲል፣ ከዚያ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሞኬት ነው። በስፖንጁና በሞኬቱ መካከል ከባድ ቪኒል የሚያስገቡ አሉ። በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በአየር የሚመጣውን ድምፅ በደንብ ያቆማል። ላንተ የምመክረው ከፊት፣ ከእግር ማሳረፊያው ወደ ሞተር በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ሳይቆራረጥ እንደ አንድ መጋረጃ እንዲወርድ አድርገህ ቁረጠው። ከመለጠፍህ በፊት የወንበሩን ብሎን ቀዳዳዎች ሁሉ በቾክ ምልክት አድርግ፣ በላያቸው ስፖንጅ አታልፍ። ብሎኑ ስፖንጅ ላይ ከተጠበቀ ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ወንበር ደግሞ ሊላላ አይገባውም። የቤንዚን ፔዳሉንም ሞኬቱ ከገባ በኋላ እስከ መጨረሻው ረግጠህ ልቀቀው፣ ወፍሮ የሚይዘው ከሆነ ከስሩ ያለውን ስፖንጅ ቀንስ።

የደንገጎ_ሹፌር

ጥሩ ተባብላችኋል። እኔ የምጨምረው ለመኪናዋ ያላችሁን ክብር አትርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው ይቺው 404 ናት፣ በዚያ ጭቃና ድንጋይ። ቦዲዋ ጠንካራ ነው። ልጄ፣ የፋኑ ማግኔት እስኪሠራ የታሰረውን ፋን ፈትተህ እንዳትነዳ። ድምፁን ቻለው፣ ሞተሩ ይቅደም።

ሳቢያን_ድምፅ

ከዚራ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት በስልክህ ቅዳ። ስልኩን የኋላ ወንበር ላይ፣ እናትህ በምትቀመጥበት ቦታ፣ አንድ ቦታ አስረው። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ መስኮት ተዘግቶ። ወንበሮቹን መልሰህ ግን ሞኬት ሳታስገባ አንድ ጊዜ፣ ቀዳዳዎቹን ከደፈንክ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ቡቲሉ ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ ቅዳ። ጆሮ ቶሎ ይለምዳል፣ ቀረጻው ግን የትኛው ሥራ ምን እንደቀነሰ ይነግርሃል። ቀዳዳውና የበር ጎማው ብቻ ከበቁህ የገዛኸውን ቡቲል ግማሹን ለመጋላ ታካፍለዋለህ።

ከዚራ_404

እቀዳለሁ። ቅደም ተከተሌን እንዲህ አድርጌዋለሁ። የፋኑ ማግኔት፣ የሞተር ጎሚኒ፣ የዝገቱ ቦታ ተወግቶ ይታያል፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹና የበር ጎማው፣ ከዚያ ቡቲል በሮቹ መሃል ላይና ከኋላ ወንበር ጀርባ። ጣሪያውን ለጊዜው አልነካውም፣ መስታወቶቹ ሲወጡ። መጋላ፣ ከተረፈኝ በእውነት ያንተ ነው። የበር ጎማ ግን ድሬ ላይ ለ404 ልኩን የሚያውቅ አለ?

ባትላሜራ_ሀረር

ስም አትጠይቅበት፣ ቅርፁን ጠይቅበት። ከደህናው በር፣ ካልተነካው የላይኛው ጥግ፣ በጣት ርዝመት ቁረጥና ይዘህ ሂድ። ሻጩ መሃሉ ባዶ መሆኑንና ላሜራውን የሚነክሰውን ጉድጓድ ስፋት ካየ ሌላ ዓይነት መኪና ላይ የሚገባውንም ቢሆን ያመሳስልልሃል። አዲሱን ስትገጥም ከበሩ ታችኛው መሃል ጀምር፣ መጋጠሚያው እዚያ ይሁን፣ ጥግ ላይ አትቀጥለው። ጥጎቹ ላይ አትወጥረው፣ ትንሽ ለቀቅ አድርገህ አስገባው። ከገባ በኋላ በሩን ለመዝጋት ከበደህ ብለህ ወዲያው መቆለፊያውን አታስተካክል፣ ጥቂት ቀን ተዘግቶ ይቆይ፣ ጎማው ቅርፁን ይይዛል። ከዚያ ወረቀት በበሩና በጎማው መሃል አስገብተህ ዘግተህ ሳበው። በቀላሉ ከወጣ እዚያ ቦታ አልነከሰም ማለት ነው፣ ማጠፊያውን ያኔ እናየዋለን። ሀረር ከመጣህ ሸዋ በር በኩል ነኝ፣ በሩን አብረን እናስተካክለዋለን።